ጽዋና ባልንጀራ

በአገራችን ለብቻው ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ብዙ አይደለም። ጠላው የሚጠመቀው ለጎረቤት፣ ጠጁ የሚጣለው ለድግስ፣ ማኅበሩ የሚሰበሰበው በጽዋው ዙሪያ ነው። አሳላፊው ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ቀምሶ ካሳየ በኋላ ለእንግዳው ይቀዳል፤ እንግዳውም ገና አጋምሶ ሳይጨርስ ደግሞ ይሞላለታል። እንግዳ ፊት የጎደለ ዋንጫ መታየቱ ለባለቤቱ ነውር ነው። «በቃኝ» የሚል ቢገኝ «በሞቴ» ይባላል፤ በሞቴ ተብሎ እንቢ ያለ ደግሞ ጠላውን ብቻ ሳይሆን ወዳጅነቱንም እንደ ናቀ ይቆጠራል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የሚጠጣው እጅና የሚቀዳው እጅ ሁለት ናቸው። ይህን የምለው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የምወደውን ወግና ጨዋታ አብዛኛውን የሰማሁት በዚያው ጋን ዙሪያ ነውና። ነገር ግን ከጉባኤው መካከል አንዱ ተነሥቶ «መጠጥ ልቀንስ ነው» ያለ እንደሆነ፣ ጉባኤው በሙሉ እጁን ይሰበስብና «በርታ፣ ወንድ ሁን፣ ጉዳዩ የራስህ ነው» ብሎ ያሰናብተዋል። ሲጠጣ የሁላችን የነበረው ሰው ሲተው የራሱ ብቻ ይሆናል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በአንድ ባልንጀራዬ ምክንያት ሳሰላስለው የቆየሁት ነገር ይኸው ነው።

ባልንጀራዬ ተዋናይ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ይህን ጽሑፍ ግን ለኅትመት ከመሰጠቱ በፊት አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ አርሞታል። በመድረክ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የቴአትር ሰው ያልሆነ አንባቢ ምናልባት የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ተዋናዩ ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ፣ ሲያፈቅር አምሽቶ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ደሙ ገና አልበረደም። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል፤ እርሱ ግን ጋደም ቢልም እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን ትኩሳቱን ይዞ በዚያ ሰዓት የሚገባበት፣ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ቤት ደግሞ ከግሮሰሪ በቀር የለም። እኛም የድርሰቱ፣ የዝግጅቱ፣ የመብራቱ ሰዎች ተከትለነው እንገባለን። የዕለቱ ትርኢት በዚያ ይተቻል፤ የሚቀጥለው ተውኔት በዚያ ይታቀዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እናዘወትራቸው ከነበሩት ቤቶች ሁለቱ አብረው ፈረሱ። «እንግዲህ ሳንወድ በግድ ተውን» ብለን ቀልደን ነበር። ወሩ ሳይሞላ ጉባኤው አራት ኪሎ ላይ ሌላ ወንበር አገኘ።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ሲኒ ነው። በልምምድ ላይ ባልንጀራዬ ሲኒ ከነማስቀመጫው ይዞ ከመድረኩ ግራ ወደ ቀኝ መሄድ ነበረበት። ሲኒው ባዶ ነው፤ ቢሆንም ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ሲንቀጫቀጭ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ይሰማ ነበር። አዘጋጁ ምንም ሳይናገር ሲኒውን በጣሳ ለወጠው። የሚቀጥለው ተውኔት የተዋንያን ዝርዝር ሊወጣ ሁለት ወር አልቀረውም፤ ሁላችንም የምናስበውን እናውቃለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ባልንጀራዬ አራታችንን ለብቻ ጠራን። አንዷ አብራው የምትጫወት ወጣት ተዋናይት ናት፤ አንዱ የመብራት ባለሙያ ነው፤ አንዱ ጎረቤቱ የሆኑ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ናቸው፤ አራተኛው እኔ ነኝ። የተናገረው አጭር ነበር።

«እንድትመክሩኝ አልጠራኋችሁም። ምክርማ ሞልቶኛል፤ ለሌላውም እተርፋለሁ። የቸገረኝ ሌላ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የት እንደምቀመጥ ንገሩኝ» አለን።

«ጋሼ፣ ቤት ቢገቡስ?» አለችው ተዋናይቱ።

«ገብቼ አይቼዋለሁ። ግድግዳውን ሳይ አመሽና በአምስት ሰዓት እወጣለሁ» አላት።

ለዚህ የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። መምህሩ ግን ከሁላችን ቀድመው አንድ ነገር አስተዋሉ። «እጅህ የሚንቀጠቀጠው ጧት ነው ወይስ ማታ?» ብለው ጠየቁት። ጧት ነበር። ጧት የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሲቀመስ የሚረጋ እጅ፣ ሰውነቱ አልኮልን የለመደና ሲያጣው የሚያምፅ ለመሆኑ ምልክት ነው። በሰው ዘንድ እንደ ጀግንነት የሚቆጠረው «ከዛሬ ጀምሮ እርም ብያለሁ» ማለት ለእንዲህ ያለው ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጀምበር ያቆመ እንደሆነ፣ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ላብ፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል፤ በአንዳንዱም ላይ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣል፤ ካልታከመ እስከ ሞት ያደርሳል። እኛ ደግሞ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋፋችን ወረፋ መያዝ ሆነ። የመብራት ባለሙያው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሄዶ ካርድ አወጣለት። ሐኪሙ ጉበቱን አስመረመረ፤ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ስለሚጎድለውና አንጎሉም በዚሁ ሊጎዳ ስለሚችል ያንን አዘዘለት፤ መጠጡን በየቀኑ ምን ያህል እየቀነሰ እንደሚወርድ በወረቀት ጻፈለት፤ በየሦስት ቀኑም እየተመለሰ እንዲታይ ቀጠረው። አንድ ነገርም ሳይሸሽግ ነገረው፤ እንደ እርሱ ላለ ሰው ውሎ አድሮ ጨርሶ መተው ከመቀነስ ይልቅ ሊቀልለው እንደሚችል። ባልንጀራዬ ለጊዜው መቀነሱን መረጠ። የመምረጡ መብት የእርሱ ነበርና አልተከራከርነውም።

መቀነስ መቁጠርን ይጠይቃል፤ መቁጠር ደግሞ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለስሌት እንዲመች 10 ግራም ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መጠጥ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት አልኮሉ ከመቶ 5 እጅ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። ይህስ ባልከፋ፤ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ጠላውስ? የአንዷ ቤት ጠላ ቅራሪ ሆኖ ጥም ከመቁረጥ አያልፍም፤ የጎረቤቷ ፊልተር ደግሞ ገና በሁለተኛው ጣሳ ጉልበት ይይዛል። የጠጁ ኃይል እንደ ማሩና እንደ ሰነበተበት ቀን ነው። አረቄውማ ተራውና ዳግም የወጣው በአንድ ዓይነት መለኪያ ይቀዳሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው በማግሥቱ በዞረ ድምር ነው። ባልንጀራዬ በመጀመሪያ ያስወገደው አረቄን ነው፤ ምክንያቱም ሊቆጥረው አልቻለም። ለቀረው አንዲት የኪስ ደብተር ገዛ። ማታ ማታ ይጽፋል፤ ሐሙስ ሐሙስ መምህሩ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ያነቡታል። አርባ ዓመት ደብተር ያረሙ ሰው ሳሉ በዚያች ደብተር ላይ አንድም ቀን ቀይ እስክሪፕቶ አላነሡም።

በዚያው ሰሞን ተዋናይቱ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ለጤና ፈጽሞ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ማስታወቁን አንብባ ነገረችን። የመብራት ባለሙያው ጥቂት አሰበና «እንግዲያው በሽተኛው አንድ ብቻ አይደለማ» አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ አራት ደብተሮች ተጨመሩ። የመምህሩ ደብተር ባዶውን ነበር፤ እርሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አይቀምሱም፤ ቢሆንም ይዘው ይመጡ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ተውኔት ልጥቀስ። አሜሪካዊው ዩጂን ኦኔል በ1939 እ.ኤ.አ. የጻፈውና በ1946 ለመድረክ የበቃው፣ በአማርኛ «በረዶ ሻጩ መጣ» ልንለው የምንችል ሥራ፣ በ1912 በኒውዮርክ በአንድ መጠጥ ቤት የሚውሉ የወደቁ ሰዎችን ያሳያል። ሂኪ የሚባል ተጓዥ ነጋዴ አላቸው፤ ሁልጊዜ ሲመጣ ሁሉን ይጋብዛል፣ ያስቃል። በዚህ ጊዜ ግን መጠጥ ትቶ መጣ። ትቶም ዝም አላለም፤ እያንዳንዱን በየተራ እየያዘ ከራሱ ጋር እንዲፋጠጥ፣ ነገ የሚለውን ቅዠት እንዲጥል ይወተውተው ጀመር። ሰዎቹ አልዳኑም፤ መጠጡ ራሱ ጣዕሙ ጠፋባቸው፤ እርሱ ከተወሰደ በኋላም ወደ ብርጭቋቸው ተመለሱ። ሂኪ ያለ ጥርጥር ወዳጃቸው ነው፤ ድካሙ ግን ስለ እነርሱ ሳይሆን ስለ ራሱ ሰላም ነበር። ኦኔል ነገሩን በወሬ የሰማው አልነበረም፤ በወጣትነቱ በእንዲህ ያለ ቤት ኖሯል። በ1926 ግድም በሐኪም ረዳትነት መጠጡን በአመዛኙ ተወ፤ የመጨረሻዎቹን ታላላቅ ሥራዎቹን የጻፈውም ከዚያ በኋላ ነው። «ያለ ሞቅታ ግጥም አይመጣም» የሚሉ ወጣቶች ሲያጋጥሙኝ ይህን አጫውታቸዋለሁ። አያምኑኝም።

ሂኪን ላለመሆን ከተስማማን በኋላ ወደ ባልንጀራችን ጥያቄ ተመለስን፤ ሰዓቱን የት እናድርሰው? ሐሙስን መምህሩ ወሰዱ። ቡና ይፈላል፤ አንድ ተውኔት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፤ መምህሩም ሳይጋበዙ የነገሥታቱን ክፍል ይወስዳሉ። ትርኢት ባለበት ምሽት የመብራት ባለሙያው መብራቱን አጥፍቶ ከእርሱ ጋር በእግር ወደ ቤቱ ይሸኘዋል፤ መንገዱ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ደም ለመብረድ የሚበቃው ይህን ያህል መሆኑን ከጊዜ በኋላ ተረዳን። ተዋናይቱ ከመድረክ በፊት እህል መቅመሱን ትከታተላለች፤ ባዶ ሆድ የጠጪ ጠላት ነውና። ከማኅበራችን አንዱ ጫት እንዲቅም አሳስቦ ነበር። ይህስ ከእሳት ወደ ረመጥ መሸሽ ነው፤ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ ያንን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይፈለጋል፤ ጨብሲ ማለት ያው መጠጥ ነው።

ባለቤቱ አንድ ቀን በር ላይ አስቁማ የተናገረችኝን አልረሳውም። «ወንድሜ፣ እኔን ከዘበኝነት አውጡኝ» አለችኝ። ዓመታት ሙሉ ጠርሙስ ስትቆጥር፣ ትንፋሽ ስታሸት፣ የበር ኮቴ ስታዳምጥ ኖራለች። ሚስትነቷን ያጠፋባት መጠጡ ብቻ አልነበረም፤ ጥበቃው ነበር። ደብተሩ ሐሙስ ቤት መነበቡ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ምናልባት እርሷን ነው። መቁጠር ትታ ዘወትር አብራው እራት መብላት ጀመረች።

የተጎዳም አለ። ከጥንቱ ጉባኤ ሁለቱ «መነኮሳት ሆናችኋል» ብለው ቀሩ። አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው ገጣሚ ነበር፤ ግጥሜን ሳላሳትም በፊት የማነብለት እርሱ ነበር። እስከ ዛሬ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከሰላምታው በኋላ የምንለው እናጣለን። ያ ሁሉ ዓመት ያገናኘን ግጥሙ ነበር ወይስ ብርጭቆው? ይህን ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ለማወቅ አልቸኩልም።

ሌላዋ በሠፈራቸው ጠላ የምትሸጥ ሴት ናት። ባልንጀራዬ ከደንበኞቿ ዋነኛው ነበር። ስለዚህች ሴት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድም ስድብ ነው አንድም ቅኝት፤ ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል ፈጭታ ሦስት ልጅ የምታስተምር መሆኗ አይነገርም። መቀነሱን ስትሰማ «ጋሼ፣ ለጠላ ብቻ ነው እንዴ የሚመጡት? ሻይ አለ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጧት ሄዶ ሻይ ይጠጣል፤ የሚከፍለው ግን የጠላ ሒሳብ ነው። እርሷ አልቀበልም ትላለች፤ እርሱ ከጣሳው ሥር አኑሮላት ይወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ሁሉ የቀና መሰለን። ሐኪሙ ያወጣለት የቅነሳ መርሐ ግብር ቀደም ብሎ ስላለቀ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ምንም ሳይቀምስ አሳለፈ። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ጾሙ ለብዙ ጠጪ አጥር ይሆነዋል፤ ምክንያት መስጠት አያስፈልገውም፤ «ጾም ነው» ይበቃል፤ «በሞቴ» ባዩም አፉን ይይዛል። ነገር ግን አጥሩ የሚፈርስበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። የፋሲካ ለት ጀምሮ ሦስት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ሌሊት የመብራት ባለሙያው ከሚያውቀው አንድ ቤት አገኘው፤ እስኪነጋ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጧት ያለ ወቀሳ ወደ ሐኪሙ ወሰደው። በሐሙሱ ባልንጀራችን ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። መጣ። ደብተሩን ለመምህሩ ሰጣቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው «እሑድ፣ ባዶ። ሰኞ፣ ባዶ። ማክሰኞ፣ ባዶ። ረቡዕ፣ ሻይ» ብለው አነበቡ። ከዚያም የተውኔቱን ገጽ ገለጡ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ቢራ የሚለውንም መስመር ከደብተሩ ራሱ ሰረዘው። ሐኪሙ አስቀድሞ የነገረውን አላነሣም፤ እኛም አላስታወስነውም።

በ1935 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የአክሲዮን ደላላ፣ መጠጥ ከተወ አምስት ወር ገደማ ሆኖት ሳለ፣ በኦሃዮ ግዛት አክሮን በምትባል ከተማ የሄደበት ሥራ ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ የመጠጥ ቤቱን ሁካታ ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ የሚመክረው ሰው ሳይሆን የሚያወራው ሌላ ጠጪ እንደሚያስፈልገው። ስልክ ደውሎ አፈላልጎ ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ነው የሚባለው ሰኔ ወር፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው ስማቸውን የማይገልጹ አልኮለኞች ማኅበር የተመሠረተበት ሆኖ ይታሰባል። ማኅበሩ የሚያስተምረው ጨርሶ መተውን ነው፤ መንገዱም የራሱ ነው። እኔን የደነቀኝ ግን ደዋዩ ማን እንደሆነ ነው። የደወለው ሊረዳ የፈለገ ሰው ነበር፤ የተረዳውም እርሱ ነበር። ይህን ታሪክ ለባልንጀራዬ አልነገርሁትም፤ መንገርም አላስፈለገኝም። በክረምቱ መግቢያ አንድ ሐሙስ ማታ አንድ ወጣት ተዋናይ አስከትሎ መጣ። ልጁ እጁን በኪሱ ከቶ በር ላይ ቆመ። «ግባ፤ እዚህ የሚመክር የለም» አለው ባልንጀራዬ።

ትልቁ ፈተና የልጁ ሠርግ ነበር፤ በጥር። ከ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወዲህ የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ተወግዷል፤ ይህም መልካም ሆኗል። የሠርግ ቤት አጎትን ግን የሚያግድ አዋጅ የለም። አስቀድመን ከአሳላፊዎቹ ጋር ተማከርን። ለሙስሊም እንግዶች ብርዝ መዘጋጀቱ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚያው ላይ አንድ እንስራ ተጨመረ። ብርዝ ማር በውኃ የተበጠበጠ ነው፤ ካደረ እየፈላ ወደ ጠጅ ያዘነብላልና በዚያው ዕለት ጧት እንዲበጠበጥ ተዋናይቱ ቆማ አሠራች። በብርሌ ሲቀዳ ከጠጅ የሚለየው ዓይነ ሥል ብቻ ነው። የልጅቷ አባት ብርሌውን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ማንም አልጠረጠረም። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ አጎቱ ግን አረቄ በመለኪያ ይዘው ተነሡ።

«በሞቴ! የልጅህ ሠርግ ነው፣ ልጄ!»

አዳራሹ ዝም ያለ መሰለኝ። ባልንጀራዬ ተነሥቶ መለኪያውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም። መምህሩ ከጎኑ ብድግ ብለው «ለእኔ ይስጠኝ፤ በእርስዎ ፈንታ እኔ ልሙት» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አጎትም ሳቁ። ባልንጀራዬ መለኪያውን ሞልቶ እንዳለ ከፊቱ አስቀመጠው። የሞላ መለኪያ አይደገምም። እስከ ሙሽሮቹ መውጫ ድረስ እዚያው እንደ ሞላ ነበር፤ እኔም ሙሽራይቱን ከማየት ይልቅ እርሱን ሳይ ዋልሁ።

አሁን በምጽፈው ተውኔት አንድ ሰካራም አለ። ክፍሉን ሌላ ሰው እንዲይዘው አስቤ ነበር፤ ባልንጀራዬ ግን ራሱ ጠየቀኝ። «ስጠጣ ሰካራም ሆኖ መጫወት አልችልም ነበር» አለኝ። «ያኔ ተንገዳግጄ አሳይ ነበር። ሰካራም እኮ አይንገዳገድም፤ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ነው የሚታገለው። ያንን ትግል አሁን ነው ከውጭ ያየሁት።» ሁለተኛውን ትዕይንትም አንብቦ ንግግሩ እንደ በዛ፣ ሰውየው በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ቃል እንደማያገኝ ነገረኝ። አንድ ገጽ ተኩል አወጣሁ። ልምምዱ በሚቀጥለው ወር ይጀመራል፤ ከሐሙስ በቀር በማናቸውም ቀን እንዲሆን አዘጋጁን ለምነነዋል።